የአባቴ ቮልስ አዲስ የፍሬን ማስተር፦ ከደሴ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ ጠዋት ቮልሷን ግቢ ውስጥ አቆምኳት። ከኋላ ጎማዎቿ ፊትና ኋላ ድንጋይ አደረግሁ። የፍሬኗ ነገር እስኪያልቅ ድረስ ከግቢ አትወጣም።

ምክንያቱን ላስቀድም። ጥር 12 ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። እናቴ ከጎኔ፣ ልጄ ከኋላ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ቀስ አለ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ያዘ። እግሬን ሳላነሳ ግን ፔዳሉ ከሥሬ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። ደጋግሜ መታሁት፤ ተመልሶ ያዘ። ወዲያው ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬን ጎተትኩና ዳር ያዝኩ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። መቁጠሪያዋን ብቻ አጥብቃ ይዛ ነበር።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። መታጠፊያው ብዙ ነው። እዚያ ላይ "ፍሬኑ ትንሽ ይሰንፋል" የሚባል ነገር የለም። ወይ ይይዛል ወይ አይዝም።

ቮልሷ በፈረንጆች 1965 የተሠራች ናት። 1200 ሞተር፣ ባለ 6 ቮልት፣ በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን። ከአባቴ ነው የወረስኳት። ፍሬኗ በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ነው። ይህ ማለት አንድ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ)፣ በውስጡ አንድ ፒስተን፣ አንድ ዘይት ለአራቱም ጎማ ማለት ነው። አንድ ቦታ ከተበሳ አራቱም ይሄዳሉ፤ የሚቀርህ በገመድ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ፋብሪካው ለሁለት የተከፈለ ማስተር ያስገባው ከዚያ በኋላ በወጡ ሞዴሎች ላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ዓይነቷን የሚነዳ ሰው ለማስተሩ የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት።

ዛሬ የሠራሁት ምርመራ ብቻ ነው። ቸኩሎ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ ይሻላል። ፔዳል ሲሰምጥ የምጠረጥራቸው ሦስት ናቸው፦ ጎማ ላይ ያለ ፍሳሽ፣ መስመር ውስጥ የገባ አየር፣ ማስተሩ ራሱ።

አየር ከሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል፤ ደጋግመህ ስትመታው ከፍ ይላል። የእኔው እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ይይዛል፣ ከዚያ ይሰምጣል። ልጄን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ "ርገጪና ያዢው" አልኳት። በሰዓት ስቆጥር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፔዳሉ ወለል ነካ። አራቱንም ጎማ አውልቄ ከኋላቸው በባትሪ መብራት አየሁ። ሁሉም ደረቅ ነው። የዘይት ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይትም ብዙ አልወረደም።

ዘይቱ ወደ ውጭ ካልሄደ ወዴት ሄደ? እዚያው ማስተሩ ውስጥ ዘይቱን በሚያግደው ጎሚኒ ጎን አልፎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። እግርህ ይገፋል፣ ዘይቱ ግን ያመልጣል።

ማረጋገጫው ደግሞ እግሬ ሥር ነበር። የሹፌሩን ምንጣፍ ሳነሳ ከፔዳሉ አጠገብ ያለው ቀለም ተልጧል፤ ቆርቆሮው በጣት ሲነካ ይረጥባል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ማስተሩ ከኋላው ባለው ጎሚኒም በኩል ማንጠባጠብ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ መጠርጠር አላስፈለገኝም።

ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወጥቼ ጠየቅሁ። ለቶዮታ የፈለግኸው ሁሉ አለ። ለቮልስ የለም። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደወልኩለትና ከተክለ ሃይማኖት አካባቢ እንዲፈልግልኝ ለመንኩት።

እሁድ፣ ጥር 17

የማፍረስ ቀን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እጅ ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ፀሐይ ግቢ እስኪገባ ጠበቅሁ።

ቮልስ ላይ ማስተሩ ኮፈን ስትከፍት የሚታይ ዕቃ አይደለም። ከፔዳሎቹ ፊት፣ ከግራ የፊት ጎማ ጀርባ በኩል ተደብቋል። የዘይት ዕቃው ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከስኮርት ጎማው ኋላ ነው፤ ከዚያ በቱቦ ወደ ማስተሩ ይወርዳል። የግራውን የፊት ጎማ አውልቀህ ጎንበስ ስትል ቱቦዎቹ ይታዩሃል። ሁለቱ ማሰሪያ ብሎኖች ግን በውስጥ በኩል ናቸው፤ በ13 ቁልፍ ከፔዳሉ ሥር ይፈታሉ።

ጎረቤታችን ለዕድሜ ልክ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን ጋራዥ አይውሉም፤ ግን የመዶሻ ድምፅ ሲሰሙ ቤት አይቀመጡም። ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ብርድ ነው እኮ፤ ባይወጡ ይሻላል" አልኳቸው።

"ተወኝ ልጄ፤ የፍሬን ሥራ ሁለት ዓይን አይበቃውም" አሉኝ።

መጀመሪያ ከዘይት ዕቃው ውስጥ ያለውን ዘይት በመርፌ ስቤ አወጣሁ። ቡና መስሏል። ደህና የፍሬን ዘይት እንደ ደካማ ሻይ ጠርቶ የሚታይ ነው። ይህ ግን አተላ አለው።

ከዚያ ቱቦዎቹ። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ ፊት ጎማዎች፣ አንዱ ወደ ኋላ። የሚፈቱት በ11 ቁልፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዳዶዎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ዝገትም ይዟቸዋል። በተራ አፈ ክፍት ቁልፍ ከተጫንካቸው ማዕዘናቸው ይላጫል፣ ከዚያ በኋላ በፒንሳ መታገል ነው። ጋሼ ቤታቸው ሄደው አንድ አሮጌ ቀለበት ቁልፍ አመጡልኝ። ቱቦው እንዲያልፍበት አንገቱ ላይ በመጋዝ ስንጥቅ ተደርጎበታል። በአራትና አምስት ማዕዘን ስለሚይዝ አያንሸራትትም። ሌላም ነገር አሳዩኝ። ከመፍታትህ በፊት ፀጉር ታህል አጥብቀው። ዝገቱ ሲሰነጠቅ በጆሮ ይሰማል። ከዚያ ፍታው። እሳት ግን በፍጹም። የፍሬን ዘይት ይቀጣጠላል።

ሁለቱ በሰላም ተፈቱ። ሦስተኛው፣ ወደ ግራ የፊት ጎማ የሚሄደው አጭሩ ቱቦ፣ ዳዶው ከቱቦው ጋር በዝገት ተጣብቋል። ዳዶውን ሳዞር ቱቦውም አብሮ ተጠመዘዘ። አቆምኩ፣ ዝገት ማላቀቂያ ነፋሁበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ሞከርኩ። ተሰነጠቀ። አዝኛለሁ፤ ግን እንዲህ የተበላ ቱቦ እዚህ ግቢ ውስጥ መሰንጠቁ ሐረጎ ላይ ከመሰንጠቁ ይሻላል።

የፍሬን መብራቱን ማብሪያ ገመድ ነቀልኩ፤ ያ ማብሪያ በዘይቱ ግፊት የሚሠራ ሆኖ ማስተሩ ላይ የተጠመጠመ ነው። ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁ። ማስተሩ በጎማው በኩል ወጣ። ከብሎኖቹ ጋር ሁለት ትንንሽ የብረት ቱቦዎች አሉ፤ ቆርቆሮው ሲጠብቅ እንዳይጨማደድ ውስጥ ሆነው ርቀት የሚጠብቁ ናቸው። እነሱን አትጣሏቸው። መሬት ወድቀው ሲንከባለሉ ልጄ ነች የያዘችልኝ።

ከምሳ በኋላ አሮጌውን ማስተር ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። መቀርቀሪያ ቀለበቱን በካቻቪቴ ጫፍ አወጣሁ። ከዚያ ሮንዴላ፣ ፒስተን፣ ስስ ሮንዴላ፣ ዋናው ጎሚኒ፣ ሞላ፣ ጫፍ ላይ ያለችው ቫልቭ በተራቸው ወጡ። ውስጡን በጨርቅ ጠርጌ በመብራት ሳየው የታችኛው ግድግዳ በዝገት ጉድጓድ ተሞልቷል። ላይኛው ግድግዳ ግን ለስላሳ ነው።

ለምን ከታች? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዓመት በዓመት ካልቀየርከው ውኃ ያጠራቅማል፤ ያ ውኃ ከታች ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ውኃው ሌላም ጉዳት አለው። አዲስ ዶት 4 ዘይት (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። በረጅም ቁልቁለት ታምቡሩ ሲግል ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ሰው ይህ የመጽሐፍ ነገር አይደለም።

ከሁለት ዓመት በፊት ይኼው ማስተር ተፈቶ ጎሚኒው ብቻ ተቀይሮ ነበር። የሠራው ጋራዥ ውስጡን አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አዲስ ጎሚኒ በተቦረቦረ ግድግዳ ላይ ሲመላለስ ከንፈሩ ይበላል። ጋሼ አሮጌውን ጎሚኒ በጣታቸው ለጠጥ አድርገው ከንፈሩ ላይ ያሉትን ጭረቶች አሳዩኝ። "ጎሚኒ የሚቀየረው ብረቱ ጤነኛ ሲሆን ነው" አሉ። ስለዚህ ሙሉ ማስተር ነው የምገዛው። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መግጠም ይቻላል የሚሉኝ ነበሩ። ስስ ዝገት ከሆነ ምናልባት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ግን ብረቱን መጣል ነው። በዚህ አልደራደርም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ካርቶኑን እዚያው ስከፍተው ማስተሩ አናት ላይ ሁለት የዘይት መግቢያ አለው። የኔው አንድ ብቻ ነው። የተላከልኝ ለኋለኞቹ ቮልሶች የሚሆነው፣ ለሁለት የተከፈለው ማስተር ነው።

ሻጩ ለጓደኛዬ "ያው ነው፣ ይገጥማል" ብሎታል። ብሎኑ ቦታ እውነትም ይመጣል። ግን የዘይት ዕቃው ባለ ሁለት መውጫ መሆን አለበት፤ የቱቦው አያያዝም ይለያል። የፒስተኑም ስፋት ሌላ ነው። የእኔው 17.46 ሚሊ ሜትር ሲሆን የመጣው 19.05 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በስፋት ስታሰላው ግን ወደ 19 ከመቶ ይበልጣል። ሰፊ ፒስተን በአንድ እርግጫ ብዙ ዘይት ይገፋል፤ በምትኩ በዚያው የእግር ጉልበት የሚሰጠው ግፊት ያንሳል። ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ተፈትኜ ነበር። ለሁለት የተከፈለ ማስተር አንዱ መስመር ቢበላሽ ሌላው ይይዝልሃል። አንድ ቀን እቀይራታለሁ ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ትክክለኛው የዘይት ዕቃ፣ ትክክለኛው ቱቦ ሁሉ በእጄ ሲሆን ነው እንጂ ግማሹን በግምት አገናኝቼ አይደለም። ዕቃውን ነገ እመልሰዋለሁ። የአሮጌውን ማስተር ፎቶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት። "ፎቶውን አሳየው፣ 17 ነጥብ 46 በለው፣ ካልሆነ አትግዛ" አልኩት።

ዕቃ የምታዝዙ ሰዎች፣ የመኪናውን ስም ብቻ አትንገሩ። አሮጌውን አሳዩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ትላንት ማታ ትክክለኛው ደረሰ። አንድ መግቢያ፣ ሦስት መውጫ፣ የመብራት ማብሪያው ቦታ፣ ሁሉም እንደ አሮጌው። ጎን ለጎን አስቀምጬ በብሎን ቀዳዳው መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። ተመሳሳይ ነው።

አጭሩ ቱቦ ግን ዛሬም ግማሽ ቀን በላኝ። ይህን በሰፊው ልጻፈው፤ ማንም አላስጠነቀቀኝምና።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ዕቃ ቤት ከቶዮታ የወጣ የፍሬን ቱቦ ሰጠኝ። ውፍረቱ ልክ ነው። ዳዶውም ባለ 10 ሆኖ ጥርሱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማስተሩ ላይ በጣት እየዞረ ገባ። ደስ አለኝ። ጋሼ ግን "አውጣውና አፉን አሳየኝ" አሉ። አወጣሁት።

የቱቦው አፍ እንደ ጥሩምባ ወደ ውጭ ተከፍቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። የቮልሷ አሮጌ ቱቦ አፍ ግን እንደ ትንሽ አምፖል ያበጠ ነው። የጃፓን መኪኖች አፍ አንድ ዓይነት፣ የጀርመኖቹ ሌላ ዓይነት። ዳዶው አንድ ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል፣ ይጠብቃልም። ውስጥ ያለው መቀመጫ ግን አይገናኝም። ቀስ ብለህ ስትረግጥ ላያፈስ ይችላል። በድንገት በሙሉ ኃይል ስትረግጥ ግን ያፈሳል። አጥብቄ ልዝጋው ብትል ደግሞ የአዲሱን ማስተር መቀመጫ ታበላሻለህ።

ጋሼ ያንን አፍ በዓይናቸው ባያዩት ኖሮ ገጥሜው ነበር። ለዚህ ነው ሁለት ዓይን አይበቃም ያሉት።

ትክክለኛውን አፍ የሚሠራ ማተሚያ ያለው ሰው ኮምቦልቻ ነው የተገኘው። በሚኒባስ ወረድኩ። አሮጌውን ቱቦ ሰጠሁት፤ በልኩ ቆርጦ፣ ዳዶዎቹን መጀመሪያ አስገብቶ (ይህን የረሳ ሰው እንደገና ይቆርጣል)፣ ሁለቱን አፍ አምፖል አድርጎ መታልኝ። በመጨረሻ በአየር ነፍቶ አጸዳው። ስመለስ የየጎፍ ጫካ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ስወርድ የሚኒባሱ ሹፌር ቁልቁለቱን በሚወጣበት ማርሽ ነበር የወረደው። ፍሬን የነካው ጥቂት ጊዜ ነው። በትኩረት አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ገጠምኩ። አዲሱን ማስተር ከመግጠሜ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘይት ሞልቼ ፒስተኑን በካቻቪቴ ዘንግ ቀስ ብዬ ደጋግሜ ገፋሁ፤ ውስጡ ያለው አየር አረፋ እየሆነ ወጣ። ይህን ካደረግህ በኋላ መስመሩን ማስተንፈስ፣ ማለትም አየሩን ከቱቦዎቹ ማውጣት፣ ይቀልሃል። የዘይት መግቢያዋን አዲስ ጎማ በፍሬን ዘይት አረጠብኳት እንጂ ግራሶ አልቀባኋትም። ግራሶ፣ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ እነዚህ የፍሬን ጎሚኒ ጠላቶች ናቸው። ጎሚኒው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ዘይት ሲጎድል ያገኘውን የሚጨምር ሰው አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት።

ቱቦዎቹን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገባሁ። ሦስቱም በጣት ሁለት ሦስት ዙር እስኪገቡ ድረስ ቁልፍ አልነካሁም። ጥርስ ተሳስቶ ከገባ ማስተሩ ዋጋ የለውም። ከዚያ ሁለቱን የብረት ቱቦዎች በቦታቸው አድርጌ በሁለቱ ብሎኖች አሰርኩ፤ ቱቦዎቹን አጠበቅሁ፤ የመብራቱን ገመድ መለስኩ። ሲመሽ እናቴ ቡና አፍልታ ጠራችን። አቦሉን ጋሼ ጠጡ። "ነገ ይተነፍሳል" አሉ።

እሁድ፣ ጥር 24

ዘይቱን ትላንት ስገዛ አንድ ባለ ሱቅ ከተከፈተ ጠርሙስ በመለኪያ ሊሸጥልኝ ነበር። አልወሰድኩም። የተከፈተ ዘይት ከአየር እርጥበት ሲጠጣ የከረመ ነው። ታሽጎ ያለ ዶት 4 ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ።

ለማስተንፈስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ልጄ ፔዳል ላይ፣ እኔ ጎማ ሥር። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ይጀመራል። መሪዋ በግራ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት ነው። በ7 ቁልፍ የምትከፈተዋ ብሎን ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰካሁ፤ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩ።

"ርገጪ።"

"ረግጫለሁ አባዬ።"

"ያዢው።" ከፈትኩ። አረፋ። ዘጋሁ። "ልቀቂ።"

ትልቁ ሕግ አንድ ነው። ብሎኗ ሳትዘጋ ፔዳሉ አይለቀቅም፤ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። ልጄ ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አላት። በየአምስት ስድስት እርግጫው ወደ ዘይት ዕቃው ሄጄ እሞላለሁ። እሱ ባዶ ከሆነ ሁሉንም እንደገና መጀመር ነው። ከቀኝ ኋላው ጎማ መጀመሪያ የወጣው ያ ቡናማ አተላ ነበር፤ ከዚያ አረፋ፤ ከዚያ የጠራ ዘይት። ሌሎቹ ቶሎ አለቁ።

ከማስተንፈሴ በፊት ሸራዎቹን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ከውስጥ የሚይዙትን) አስተካክዬ ነበር። በታምቡሩ ፊት ባለችው ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብተህ ጥርሷን ታዞራለህ። ጎማው እስኪቆም ታጠብቃለህ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጥርስ ትመልሳለህ። በየጎማው ሁለት ማስተካከያ ስላለ ሁለቱንም። ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ከሆነ ማስተሩ አዲስ ቢሆንም ፔዳሉ ይወርዳል።

ፔዳሉን ረገጥኩ። ከፍ ያለ፣ ድንጋይ የመሰለ። አንድ ደቂቃ ያዝኩት፤ አልተነቃነቀም። የፍሬን መብራቱም በራ። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ መኪናዋን በእጅ ልግፋት አልኩ። አልገፋ አለች።

ሞተር አስነስቼ ግቢ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቀስኳት። እያንዳንዱ እርግጫ ይበልጥ አሰራት። አራቱም ጎማዎች አብረው ነው የተያዙት። አንድ ጎማ ብቻ ቢሆን ሸራውን ወይም የጎማ ቱቦውን እጠረጥር ነበር። አራቱም ከሆኑ ጥፋቱ ከሁሉም በላይ ካለው ነው፤ ማስተሩ ጋ። ለማረጋገጥ የአንዱን ጎማ ማስተንፈሻ ከፈት አደረግሁ። ዘይት ፊን ብሎ ወጣ፣ ጎማዎቹም ተፈቱ። ግፊት ውስጥ ታስሮ ቀርቷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማስተሩ ውስጥ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ የምትከፈት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእሷ በኩል ትርፍ ዘይት ወደ ዕቃው ይመለሳል። ፒስተኑ ትንሽ እንኳ ወደ ፊት ከቆመ ቀዳዳዋ ትዘጋለች። ዘይቱ መመለሻ ያጣል፤ በሙቀት ሲለጠጥም ሸራውን እየገፋ ይሄዳል። ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ፒስተኑን ሳይነካ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው። ብሎን ስፈታ የፔዳሉ ማቆሚያ ሳህን ተንሸራቶብኝ ነበር። በቾክ ምልክት ሳላደርግበት መፍታቴ ስህተት ነው፤ ማንም ሰው ይህን ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያንን ሳህን ምልክት ያድርግበት።

የዘንጉን ርዝመት አልነካሁም። የሚስተካከለው በሳህኑ ነው። ማሰሪያ ብሎኑን በ13 ቁልፍ አላላሁ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ሹፌሩ እንዲመለስ ሳህኑን ገፋሁ፣ አጠበቅሁ። በጣት ፔዳሉን ስነካ ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ያለው ባዶ እንቅስቃሴ እግር የሚያርፍበት ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልጄ በማስመሪያዋ ለካችልኝ። 4 ነበር። እንደገና አላላሁ። 6 ሆነ። እዚያ ላይ ተውኩት።

አሁን መኪናዋን ልጄ ብቻዋን ገፋቻት።

ይቺን አንዲት ሚሊ ሜትር ሳላይ ብወጣ ምን ይሆን ነበር? ደሴ ከተማ ውስጥ ምንም ላይታወቀኝ ይችላል። ሐረጎ ላይ ስደርስ ግን ሸራው ሲታሽ፣ ታምቡሩ ሲግል፣ ዘይቱ ሲፈላ። አዲስ ዕቃ ገጥሜ ከአሮጌው የባሰ አደጋ ውስጥ እገባ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ከሥራ ስመለስ ማስተሩ ሥር ያደረግሁትን ካርቶን አየሁ። ደረቅ ነው። የተላጠውን ወለል በውኃ በደንብ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፀረ ዝገት ቀባሁት።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ብቻ ነዳኋት። ሆጤ፣ ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ። ብቻዬን፣ በዝግታ፣ በየቦታው እያቆምኩ። ሐሙስ ማታ አንድ ዙር ደግሜ አስተነፈስኩ፤ ከቀኝ ኋላው አንዲት ትንሽ አረፋ ብቻ ወጣች። ሸራዎቹንም ደግሜ አየሁ።

ዛሬ ንጋት ላይ፣ መንገዱ ሳይበዛ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋሼ አብረውኝ ካልሄድኩ አሉ። እምቢ አልኳቸው፣ አልሰሙኝም፤ ጋቢያቸውን ደርበው ገቡ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወረድን። ፍሬን አጥብቄ እይዝና እለቃለሁ፤ እየጎተትኩ አልወርድም። ያኔ የቆምኩበት ቦታ ስደርስ ሆን ብዬ ቆምኩ። ፔዳሉን ይዤ 60 ቆጠርኩ። ከቦታው አልተነቃነቀም። ጋሼ ፔዳሉን እንጂ መንገዱን አያዩም ነበር።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አቁመን ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ነካሁ። አራቱም ሞቅ ብለዋል፤ ከሌላው የተለየ ግለት ያለው የለም። ይህ አራቱም እኩል እየሠሩ ነው ማለት ነው። ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ግቢ ገብቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። በዘይት ዕቃው ላይ በእስክሪብቶ ያሰመርኩት መስመርና ዘይቱ እኩል ናቸው። ካርቶኑን አወጣሁ። ደረቅ ነው። እናቴ በረንዳ ላይ ሆና "እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይዟል እማዬ" አልኳት።

ነገ ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ላደርሳት ተነጋግረናል።